ለማን ብለን ነው የምናገለግለው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዐቢይ ጾም ሲገባ የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ መልኩ ይለወጣል። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ አካባቢ ዳቦ የሚቆርሱ፣ ንፍሮ የሚያድሉ፣ ውኃ የሚያቀርቡ እናቶችና ወጣቶች ይታያሉ። አንዱ ማኅበር ልብስ ይሰበስባል፤ ሌላው ሕሙማንን ይጠይቃል፤ ሰንበት ተማሪው ግቢውን ይጠርጋል፤ የሠፈሩ ጽዋ ማኅበር ደግሞ ለነዳያን ዝክር ያዘጋጃል። ይህን ማየት በእውነት ደስ ያሰኛል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እንዳስተማረን፣ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ለተራበ እንጀራን መቁረስን፣ የታረዘውን ማልበስን አብሮ የያዘ ነውና።

ዛሬ ግን የምንነጋገረው ምን እንደምንሠራ አይደለም። ሥራውንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ያንን ዳቦ ስንቆርስ፣ ያንን ወለል ስንጠርግ፣ የታመመውን ስንጠይቅ ለማን ብለን ነው?

የሚታየው ሥራና የማይታየው ሐሳብ

አባቶቻችን ኃጢአትንም ጽድቅንም በሦስት ከፍለው ያስተምሩናል፤ በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር፤ ማለትም በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት። ሰው የሚያየው ገቢሩን፣ የሚሰማው ነቢቡን ነው። ሐልዮውን የሚያየው ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ከአንድ መሶብ እያነሡ ለአንድ ድኃ ሊሰጡ ይችላሉ። እጃቸው አንድ ነው፤ ልባቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል።

እስቲ በቢታንያ የሆነውን እናስታውስ (ዮሐ. 12፥1-8)። ማርያም ዋጋው ውድ የሆነ ሽቱ በጌታችን እግር ላይ አፈሰሰች። በዚያ ቤት ስለ ድሆች የተናገረው ማን ነበር? ይሁዳ ነው! ሽቱው ተሸጦ ለድሆች ቢሰጥ ይሻል እንደነበር ተከራከረ። ንግግሩን ብቻ የሰማ ሰው “ምንኛ ለድኃ አሳቢ ነው!” ይላል። ወንጌላዊው ግን ከንግግሩ በስተጀርባ ያለውን ገለጠልን። ይሁዳ የገንዘብ ከረጢቱን ይይዝ ነበር፤ ያሰበውም ለድሆች ሳይሆን ለዚያ ከረጢት ነበር። ወገኖቼ፣ የድኃ ስም በአፋችን ስለተጠራ ብቻ ድኃው በልባችን ውስጥ አለ ማለት አይደለም።

የሐናንያና የሰጲራም ነገር እንዲሁ ነው (ሐዋ. 5፥1-11)። መሬታቸውን እንዲሸጡ ያስገደዳቸው አልነበረም፤ ዋጋውን ለራሳቸው ማስቀረትም ይችሉ ነበር። ጥፋታቸው ትንሽ መስጠታቸው አልነበረም። ከፊሉን አስቀርተው ሁሉን እንደሰጡ ሊታዩ ፈለጉ። ከእነርሱ ቀደም ብሎ በርናባስ መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር ሥር አኑሮ ነበር። እነርሱ የበርናባስን ስም ወደዱት፤ የበርናባስን ልብ ግን አልያዙም።

ከበር ውጪ ቆሜ የተማርኩት

ይህን የምጽፍላችሁ የበቃሁ ሆኜ አይደለም። ስለ መስጠት መጀመሪያ የተማርኩት ተቀባይ ሆኜ ነው።

በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቤ፣ ለውሻ የሚሆን በትር ይዤ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያልኩ በየደጁ እቆም ነበር። በር ላይ የሚቆም ልጅ የሰጪውን ልብ ቶሎ ያነባል፤ ዓይኑ የሚያርፈው እንጀራው ላይ ብቻ አይደለም።

ከምንለምንባቸው ቤቶች አንዱ የደህና ባለጠጋ ቤት ነበር። ብዙ ይሰጣል፣ ውሸት አልናገርም። ነገር ግን በበዓል ቀን ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በዚያ መንገድ እስኪያልፍ ድረስ ደጅ ላይ ያቆመን ነበር። ሰው ሲበዛ እንጀራው ይመጣል። በልተን እንጠግባለን፤ ግን አንገታችንን ደፍተን ነበር የምንመለሰው።

ሌላዋ ከሠፈሩ ዳር በአንዲት ደሳሳ ጎጆ የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ድምፃችንን ሲሰሙ መጀመሪያ ውሻቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ቁራሻቸውን ያመጣሉ። አንድ ቀን ክረምት ላይ መሽቶብኝ፣ ዝናብ አብሰብሶኝ ደረስኩ። ወጥተው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አኮፋዳዬ ውስጥ ፈትተው ጨመሩልኝና “ይቅር በለኝ ልጄ፣ ዛሬ እሳት አላነደድኩም” አሉኝ።

ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ቆሎዬን ቆርጥሜ ተኛሁ። ቃሉ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እሳት አላነደዱም ማለት እርሳቸውም አልበሉም ማለት ነበር! ያቺ እፍኝ ቆሎ ምናልባት የእርሳቸው እራት ነበረች። ሰጥተው ሲያበቁም ይቅርታ የጠየቁት እርሳቸው ናቸው። ባለ ዕዳዋ እርሳቸው፣ አበዳሪው እኔ የሆንኩ ያህል!

ጌታችን በመቅደስ ተቀምጦ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ለደቀ መዛሙርቱ ያሳያቸው (ማር. 12፥41-44) እንዲህ ዓይነቱን ልብ ስለሚያይ ነው። እርሱ የተጣለውን ብቻ ሳይሆን የቀረውን ይቆጥራል። ለእርስዋ የቀራት ምንም አልነበረም።

ስሜ ያልተጠራ ዕለት

ከዓመታት በኋላ እኔም በተራዬ ሰጪ ሆንኩ። ዲቁና ተቀብዬ፣ ከተማ ገብቼ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግል ነበር። ለትንሣኤ በዓል ለነዳያንና በየቤታቸው ለተኙ ሕሙማን ማዕድ እናዘጋጅ ተባለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዱቄትና ዘይት ስሰበስብ፣ ስሸከም፣ ቤት ለቤት ስመዘግብ ከረምኩ። በመጨረሻው ቀን በዐውደ ምሕረት የደከሙ ሰዎች ስም ሲነበብ ቆሜ አዳመጥኩ። የእኔ ስም የለም።

ለሰው ምንም አልተናገርኩም። ፊቴም ፈገግ ብሎ ነበር። ውስጤ ግን ነደደ። በማግስቱ ስልኬ ሲጠራ አላነሣሁም፤ “ስማቸው የተጠራው ይሥሩት” አልኩ በልቤ። ያልተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ለአንድ የአልጋ ቁራኛ ለሆኑ አባት ዱቄቱን ማድረስ የእኔ ድርሻ እንደነበረ ነው። በዓሉ አለፈ። ሳምንት ቆይቼ እያፈርኩ ሄድኩ። አባት ከአልጋቸው ቀና ብለው “እንኳን መጣህ ልጄ! ታመህ መስሎኝ በጸሎት ሳስብህ ነበር” አሉኝ።

እኔ በእርሳቸው ረሃብ ላይ ስኮራ፣ እርሳቸው ስለ እኔ ይጸልዩ ነበር። በዚያች ደቂቃ እነዚያ ባልቴት ትዝ አሉኝ። ደጅ ላይ ያቆመን ባለጠጋም ትዝ አለኝ። ለካ እኔ እርሱን ሆኜ ነበር!

ልብን የሚያስቱ አራት መነሻዎች

ውድ አንባብያን፣ እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን ራሳችንን እንይ። በአገልግሎት ውስጥ ተደብቀው የሚገቡ መነሻዎች ብዙ ናቸው። አራቱን ብቻ እናንሣ።

1ኛ. ውዳሴ ከንቱ። ሰው እንዲያየንና እንዲያመሰግነን ማገልገል ነው። ጌታችን ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን አንድ በአንድ አንሥቶ ለሰው ለመታየት እንዳናደርጋቸው አስጠንቅቆናል፤ እንዲህ የሚያደርጉ ዋጋቸውን ከሰው ተቀብለው እንደጨረሱም ነግሮናል (ማቴ. 6፥1-18)። ዛሬ ደግሞ ካሜራው በየኪሳችን ነው። ዳቦ ስንሰጥ የተቀባዩን ፊት አንሥተን ለሺህ ሰው እናሳያለን። ያ ሰው በችግሩ ቀን መታየት ፈልጎ እንደሆነ ግን ጠይቀነው እናውቃለን?

2ኛ. የበላይነት። ሰውን ባለ ዕዳ ለማድረግ መርዳት ነው። “እኔ ያስተማርኩት፣ እኔ ያለበስኩት” የሚል ቃል ከአፋችን የማይጠፋ ከሆነ፣ የረዳነው ሰው ምክራችንን አልሰማ ሲል “ውለታ ቢስ” የምንለው ከሆነ፣ የሰጠነው ስጦታ ሳይሆን ገመድ ነበር ማለት ነው።

3ኛ. ከእግዚአብሔር ጋር መነገድ። ስለት መሳል ነውር አይደለም፤ ሐናም ተስላ ሳሙኤልን ወልዳለች። ነገር ግን “ይህን ያህል ሠርቻለሁና ይህን ያህል ይገባኛል” ማለት ሌላ ነው። በወይኑ ቦታ ምሳሌ (ማቴ. 20፥1-16) ከማለዳ የገቡት ሠራተኞች ዋጋ ተዋውለው ነበር፤ በኋላ የመጡት ግን የባለቤቱን ቸርነት አምነው ገቡ። ሲመሽ ያጉረመረሙት የትኞቹ ናቸው? የተዋዋሉት!

4ኛ. ከቤት መሸሽ። ይህን ብዙ ጊዜ አናነሣውም። በቤተ ክርስቲያን የሁሉ እናት የሆነች፣ በቤቷ ግን የታመመች እናቷን ውኃ ለማቀበል የምትሰለች እኅት አለች። በማኅበሩ ትሑት፣ በሚስቱ ላይ ግን ቁጡ የሆነ ወንድም አለ። ለምን ቢሉ፣ ቤት ውስጥ የሚያመሰግን የለማ! ጌታችን ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው እያሉ አባትና እናታቸውን መርዳት የተዉትን ገሥጿል (ማር. 7፥9-13)። ቅዱስ ጳውሎስም ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሃይማኖቱን እንደካደ አድርጎ ይቆጥረዋል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)።

ራሳችንን በምን እንመርምር?

“እኔ በምን አውቃለሁ? ልቤ እኔኑም ያታልለኛል” የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ቢሆንም መመርመሪያ አለው፤ ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

አንደኛ፦ ሳልመሰገን ስቀር ምን እሆናለሁ? ማንም ሰው ሲረሳ ቅር ይለዋል፤ ሰው ነንና። ነገር ግን ቅር መሰኘቱ ሥራውን ካስተወኝ፣ እሠራ የነበረው ለምስጋናው ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቢተካና ከእኔ አብልጦ ቢሠራው ደስ ይለኛል? ድኃው እስከበላ ድረስ ማን እንዳበላው ሊያስጨንቀኝ አይገባም። መጥምቁ ዮሐንስ ሕዝቡ እርሱን ትቶ ወደ ጌታችን ሲሄድ ደቀ መዛሙርቱ መጥተው ነገሩት፤ እርሱ ግን ደስታው የተፈጸመው ያን ጊዜ ነው (ዮሐ. 3፥26-30)።

ሦስተኛ፦ የማገለግለው ሰው የማይመች ሲሆንስ? የሚያመሰግን፣ የሚመርቅ፣ ፊቱ የሚያሳዝን ድኃ መርዳት ይቀላል። የሚቆጣ፣ የሚዋሽ፣ የሰጠነውን የሚንቅ ሲመጣ ግን መነሻችን ይፈተናል። ጌታችን በመጨረሻዋ ምሽት የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ የይሁዳን እግር ዘልሎ አላለፈም። እያወቀ አጠበው!

ማርታንም እናስብ (ሉቃ. 10፥38-42)። ጌታን በቤቷ መቀበሏና መሥራቷ ጥፋት አልነበረም። ነገር ግን ሥራው መካከል ላይ ዓይኗ ከእንግዳው ተነሥቶ ወደ እኅቷ እጅ ሄደ። “እኔ ብቻዬን ልሥራ?” የምትለዋ ሐሳብ ስትመጣ ያን ጊዜ ቆም ማለት ይገባናል።

ታዲያ ልባችን እስኪጠራ ሥራውን እንተወው?

በፍጹም! ሰይጣን በሁለት በኩል ይመጣል። መጀመሪያ “ሰው ይይልህ” ብሎ ያሠራል፤ ይህን ስንነቃበት ደግሞ “አንተ ግብዝ ነህና ተወው” ብሎ ያስተዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ያ የተራበው ሰው ነው። እኔ ስልኬን ያጠፋሁ ጊዜ ልቤ አልጠራም፤ አንድ አባት ግን ያለ ዱቄት በዓሉን አሳለፉ።

ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ አንዳንዶች ከቅንዓትና ከክርክር የተነሣ ክርስቶስን ይሰብኩ ነበር። እርሱ ግን ስብከቱ እንዲቆም አልፈለገም፤ በየትኛውም መንገድ ክርስቶስ በመሰበኩ ደስ ብሎታል (ፊልጵ. 1፥15-18)። እንግዲያው የሚተወው ሥራው አይደለም፤ የሚታጠበው ልባችን ነው። ልብስ ቆሸሸ ብለን እንጥለዋለን እንዴ?

ሌላም ጥያቄ ይነሣል። ጌታችን በአንድ በኩል ብርሃናችን በሰው ፊት እንዲበራ (ማቴ. 5፥16)፣ በሌላ በኩል ምጽዋታችን በስውር እንዲሆን (ማቴ. 6፥4) አስተምሯል። ይህ አይጋጭም? አይጋጭም። ነውሩ መታየቱ አይደለም፤ ለመታየት ብሎ መሥራቱ ነው። በመጀመሪያው ትምህርት ሰዎች ሥራውን አይተው የሚያከብሩት የሰማዩን አባት ነው፤ ሁለተኛው የሚከለክለው ክብሩን ለራስ መውሰድን ነው። ቅዳሴ የሚያገለግል ካህን ሊሰወር አይችልም፤ ዝክር ያዘጋጀች እናትም ድስቷን አትደብቅም። ሥራው በግልጽ ሲሆን ልብ በስውር ይሁን።

ትክክለኛው መነሻ

የዚህ ጾም ስድስተኛ ሰንበት ገብር ኄር ይባላል፤ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። በዚያ ዕለት የሚነበበው የመክሊቱ ወንጌል ነው (ማቴ. 25፥14-30)። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የሰሙት ምስጋና አንድ ዓይነት ነው፤ ጌታው የጠየቀው ታማኝነትን እንጂ ብዛትን አይደለም። ሦስተኛው አገልጋይ ደግሞ መክሊቱን የቀበረው ጌታውን ጨካኝ አድርጎ ስላሰበ ነው። አገልግሎታችን የሚበላሸው አንዳንዴ ከዚህ ነው። ጌታችንን ስለማናውቀው ወይ እንፈራዋለን ወይ እንዋዋለዋለን።

ስናውቀው ግን እንዴት ነው? እርሱ አስቀድሞ ወደደን፤ ሳይገባን ራሱን ሰጠን። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት አባቶቻችን በወይራና በወይን ቅጠል እግራችንን ሲያጥቡ የሚያስታውሱን ይህንኑ ነው። የታጠበ እግር ያለው ሰው ነው የሌላውን እግር ሊያጥብ ጎንበስ የሚለው። ምሥጢሩ ይኸው ነው። የምናገለግለው እንዲወደን አይደለም፤ ስለወደደን ነው እንጂ።

ከመክሊቱ ወንጌል ቀጥሎ የመጨረሻው ፍርድ ተጽፏል (ማቴ. 25፥31-46)። በቀኝ የቆሙት ጻድቃን ጌታን መቼ እንዳበሉት፣ መቼ እንዳለበሱት አላወቁም፤ ተደንቀው ይጠይቃሉ። ሲሰጡ አልመዘገቡማ!

ይህንን ትምህርት ቋንቋችን ራሱ ይዞታል። ድኃውን ምን ብለን ነው የምንጠራው? “የኔ ቢጤ።” እንደ እኔው ያለ፣ ጓደኛዬ ማለት ነው። በየቀኑ እንለዋለን፤ ስንቶቻችን ግን አስተውለነዋል? እርሱ በእኔ ደጅ ይቆማል፤ እኔም በእግዚአብሔር ደጅ እቆማለሁ። ሁለታችንም ለማኞች ነን። ደግሞም ተቀባዩ ሲያመሰግን ምን ይላል? “እግዚአብሔር ይስጥልኝ።” እኔ የምከፍልህ የለኝም፣ ስለ እኔ እርሱ ይክፈልህ ማለቱ ነው። ሰጪውም “አብሮ ይስጠን” ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ዕዳው ወደ እግዚአብሔር ከተላለፈ በኋላ እንደገና ከሰው ምስጋና መጠበቅ አንዱን ዋጋ ሁለት ጊዜ መጠየቅ አይሆንብንም?

በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

ንባቡ ንባብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ከዚህ በታች ያሉትን ወንድሜ፣ እኅቴ፣ በአቅማችን እንሞክራቸው።

- ለአገልግሎት ከቤት ስንወጣ በአጭሩ “ጌታ ሆይ፣ ስለ አንተ ይሁንልኝ” ብለን እንጸልይ። ሲፈጸምም ሥራውን ለእርሱ ሰጥተን እንመለስ።
- ከምንሠራው መካከል አንዱን ማንም የማያውቀው እናድርግ። የትዳር ጓደኛችንም ሆነ የማኅበራችን ጸሐፊ የማያውቁት አንድ ነገር ይኑረን።
- ከአገልግሎት ሥራዎች ማንም የማይፈልገውን እንምረጥ። ንፍሮ የሚያድል ብዙ ነው፤ ድስቱን የሚያጥብ ግን ይጠፋል።
- ከቤታችን እንጀምር። እናታችንን፣ አባታችንን፣ የቤት ሠራተኛችንን ዛሬ በምን አገለገልናቸው?
- ውዳሴ ከንቱን ለንስሐ አባታችን እንናገር። ስርቆትንና ሐሜትን እንናዘዛለን፤ “ሰው ሲያመሰግነኝ ልቤ አበጠ” ብሎ የሚናዘዝ ግን ጥቂት ነው። ቁስሉ የሚድነው ሲታይ ነው።

ያ እኔ ያሳፈርኩት አባት ዛሬ በሕይወት የሉም። ዱቄቱን ግን ከዚያ በኋላ እስካረፉ ድረስ አላቋረጥኩም። መጀመሪያ እሄድ የነበረው ጸጸቱ እየገፋኝ ነበር፤ እያደር ግን እርሳቸውን ማየት እየናፈቀኝ መሄድ ጀመርኩ። ልብ እንዲህ ነው የሚጠራው። ተቀምጦ በማሰብ ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ወንድሙ ደጅ በመመላለስ ነው።

የእነዚያን ባልቴት ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። በየትኛውም ዐውደ ምሕረት አልተነበበም። በሕይወት መጽሐፍ ግን እንደሚነበብ አምናለሁ። እኛንም ለስማችን ሳይሆን ለስሙ የምናገለግል ያድርገን። የጀመርነውን ጾም በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።